አንቲቫይረሱ ያገኘው አራተኛው ካሜራ

ውሸት ነው የሚል ካለ አልቀየመውም። ውሸት ቢሆን ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ እኔን ነው።

ግን ሆኗል። በእኔና በወንድሜ ላይ ሆኗል።

ባለፈው ነሐሴ ነው። ሱሉልታ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ... ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ።

ሀሴት እባላለሁ። ያኔ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ያሉት ወላይታ ሶዶ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኤልቃና ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ቋሚ ሥራ እስኪያገኝ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። ቡራዩ ያለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አልፎ አልፎ ይጠራዋል።

ከእኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረችው ልጅ ሉሲ ትባላለች። አላውቃትም። ድንገት ሥራ ለቃ ሄደች ነው ያሉኝ። ሹራቧ ግን አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር።

የቢሮው ኮምፒውተር ላይ የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ተጭኗል። ጥግ ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ምልክት ያበራል። "ኮምፒውተርዎ የተጠበቀ ነው" ይላል።

ከዚያ የአንቲቫይረሱ ፈቃድ ጊዜው አለቀ። ማደሱ ተጓተተ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የደንበኞች ፍላሽ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት እየሆነ አልከፈት ብሎ አስቸገረኝ።

ለኤልቃና ነገርኩት።

"ነጻውን ልጫንልሽ። ኦፕን ሶርስ ነው" አለኝ።

"ነጻ ከሆነ ምኑን ይጠብቃል?"

ሳቀ። "የምትከፍሉበት ውስጡ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ተቆልፏል። የዚህኛው ኮድ ግን ሜዳ ላይ ነው። የፈለገ ሰው ያነበዋል፣ ስህተት ያየ ያርመዋል።"

"እንከን የለውም በለኛ።"

"አለው። በር ላይ ቆሞ አይጠብቅልሽም። ፈትሽ ስትይው ነው የሚፈትሸው። ግን ፈትሽ ካልሽው የማይገባበት ጓዳ የለም።"

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ዲሪርሳ ፈቀዱለትና በዚያ ቀን መጣ።

ውጭ ዝናብ ነው። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ውጦታል። ከቢሮው መስኮት መጋዘኑ እንኳን በደንብ አይታይም።

ኤልቃና የድሮውን አንቲቫይረስ ከማጥፋቱ በፊት ሴቲንጉን ከፈተ።

አንዱን መስመር ደግሞ አነበበው።

"ምነው?"

"ይሄ ነገር አንድ ፎልደር እንዳይፈትሽ ታዟል። እዚህ አትግባ ተብሏል።"

"ማን አዘዘው?"

"ሉሲ በሚል ስም ነው የተገባው።"

አጠፋውና አዲሱን ጫነ። ፈትሽ አለው። የፋይሎቹ ስም ስክሪኑ ላይ ይሮጥ ጀመር... ደሞዝ፣ ደረሰኝ፣ የስንዴ ግዢ...

ከዚያ ቆመ።

አንድ ፋይል በቀይ ወጣ። ያ ፎልደር ውስጥ ነው። የፎልደሩ ስም "ካሜራ 4" ይላል።

"ስንት ካሜራ ነው ያላችሁ?" አለኝ።

"ሦስት። በሩ ላይ፣ ወፍጮው ላይ፣ ግቢው ላይ።"

ኤልቃና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

"ቪዲዮ ነው። ግን መጠኑ እየጨመረ ነው ሀሲ... አሁን እየተቀዳ ነው።"

ከፈተው።

ከላይ የተነሳ ምስል ነው። ደብዛዛ። የተደረደረ ከረጢት፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የዛገ ቆርቆሮ በር።

አወቅኩት። መጋዘኑ ነው።

ጥጉ ላይ አንዲት ሴት ከረጢት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

"ማናት?" አለ በሹክሹክታ።

"እንጃ። መጋዘኑ ከጠዋት ጀምሮ ተቆልፏል።"

ቁልፉ ግድግዳው ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ኤልቃና ብድግ ብሎ አወረደው።

"ተው፣ ኦቦ ዲሪርሳ ይምጡ።"

"ሰው ተቆልፎባት ቢሆንስ?"

ስልኬ ላይ ደወለ። አነሳሁት። መስመሩን ሳይዘጋ ጃኬቱን ራሱ ላይ አድርጎ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

እኔ ስክሪኑ ላይ ቀረሁ።

ጥቂት ቆይቶ የቆርቆሮው በር ሲከፈት አየሁ። ብርሃን ገባ። ኤልቃና ገባ።

ሴትዮዋ አልዞረችም።

"ሀሲ፣ ማንም የለም" አለኝ በስልክ።

"ጥጉን እየው... በቀኝህ።"

"እያየሁት ነው። ከረጢት ብቻ ነው።"

ስክሪኑ ላይ አጠገቧ ቆሟል። እጁን ቢዘረጋ ትከሻዋን ይነካዋል።



"ካሜራውስ?"

"ጣሪያው ላይ ምንም የለም። አንቺ ግን እውነት ታይኛለሽ?"

"አይሃለሁ።"

"እጄን ላነሳ ነው። እይ።"

እጁን አነሳ።

ሴትዮዋም አነሳች... ጀርባዋን እንደሰጠች።

"ኤልቃና ውጣ።"

"ምነው?"

"በእማዬ ሞት ውጣ።"

ወደ በሩ ዞረ። ያኔ ሴትዮዋ ከከረጢቱ ላይ ተነሳች። ምስሉ ተንቀጠቀጠና ጥቁር ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። የቢሮው በር ተከፈተ።

ኤልቃና ነው።

"ወጣሁ" አለኝ። አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተመስገን ብዬ እጁን ያዝኩት።

ደረቅ ነበር።

ፀጉሩም፣ ጃኬቱም፣ ጫማውም ደረቅ ነው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

ስክሪኑ ተመልሶ በራ።

ጥጉ ላይ ሴትዮዋ የለችም። በእሷ ቦታ ወንድሜ ቆሟል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ።

ስልኬን አየሁት። መስመሩ አልተዘጋም።

ቀስ ብዬ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ በጣም ከሩቅ...

"ሀሲ... በሩ የታል?"



አጠገቤ የተቀመጠው ስልኩን ከእጄ ወሰደና ዘጋው። "ተይው" አለኝ ለስለስ ባለ ድምፅ። "ቫይረስ ነው።"

ወንበሩን ገልብጬ ሮጥኩ።

ግቢው መሃል ኦቦ ዲሪርሳ ጃንጥላ ይዘው ሲመጡ አገኘኋቸው። "ማሊ? ምን ሆንሽ?"

"ወንድሜ... መጋዘን ውስጥ..."

ተከትለውኝ መጡ። የመጋዘኑ ጓጉንቸር በውጭ በኩል ተቆልፏል። በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱት።

ባዶ ነው። ስሙን ጠራሁ። ማንም የለም።

ወለሉ ላይ ግን ስስ ዱቄት ፈሷል። የኤልቃና ጫማ ዱቄቱ ላይ አለ... ወደ ውስጥ ሲገባ። ሲወጣ የለም።

ኦቦ ዲሪርሳም አይተውታል።  ከዚያ በጫማቸው ሶል ቀስ እያሉ አጠፉት።

"ኦቦ ዲሪርሳ... ሉሲ የት ነው የሄደችው?"

ድምፃቸውን ቀነሱ።

"ሉሲ ወጥታለች እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ። ወጥታ ከእኛ ጋር ሻይ ሁሉ ጠጥታለች" አሉኝ።



ቢሮ ስመለስ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ካሜራ 4 የሚለው ፎልደር የለም። "አጥፍቼዋለሁ። አሁን ንጹሕ ነው" አለኝ።

ሥራውን በማግሥቱ ለቀቅኩ። ፖሊስ ጋ ሄጄ ምን እላለሁ? ወንድሜ ጠፋ ልበል? አጠገቤ ቆሞ?

አብረን መኖር ቀጠልን። ክፉ ነገር አላደረገኝም። ይሄን መደበቅ አልፈልግም። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ጭምት ነው። ዕቃ ያጥባል። ውሃ ይቀዳል። የት አመሸሽ ብሎ አይጨቀጭቀኝም።

ግን ላፕቶፑን ከዚያ ቀን በኋላ ነክቶት አያውቅም። ከቡራዩ ሲደውሉለት "ኮምፒውተር አልችልም" ይላቸዋል።

እናታችን በስልክ በወላይትኛ ስታወራው በአማርኛ ነው የሚመልስላት። መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ መሳቋን ተወች።

"ልጄን ምን አድርገሽብኛል?" አለችኝ አንድ ቀን።

ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁባት። እሷ ግን ጓዟን ይዛ ከሶዶ መጣች።

ቅዳሜ ነበር፣ ምሳ ሰዓት። ጓዳ ገብታ እየተንጎዳጎደች ምሳ ታዘጋጃለች። እኔና እሱ ሳሎን ተቀምጠናል። ቀድማ ስትስመው ጉንጩን ዳስሳ እጇን በፍጥነት መልሳ ነበር።

ምግቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጸለየች። እሱ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። መብላት ጀመርን።

ከዚያ እናቴ ፊቱን ትኩር ብላ እያየች፣ በእኛው በወላይታ ቅላጼ፣ ልጅ እያለ ከሜዳ እንደምትጠራው አድርጋ ጠራችው።

"ኤልቃናዬ!"

እሱ አፉ ሙሉ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

ከውጭ፣ ከግቢው በር በኩል፣ በወላይትኛ መልስ መጣ።

የወንድሜ ድምፅ ነው። ደክሞታል። ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ልክ እንደ ልጅነቱ ነው የመለሰላት።

የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ።

አጠገቤ ያለው ማኘኩን አቆመ። ሁለታችንንም በየተራ አየን። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"አትክፈቱለት" አለ በሹክሹክታ።

እናቴ ቁልፉን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።