ሁለቱም ቁልፎች ልክ ነበሩ

እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። በዚህ እጄ የያዝኩትን ነገር ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ነው... ኮሪደሩን ፀሐይ ሞልታው፣ ከታች ፎቅ የሰው ሳቅ እየተሰማ።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ወርሼ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሴት ቁልፍ ሠሪ ስትሆኑ ሰው ሁሉ አንዱን ነገር ሁለቴ ይጠይቃችኋል። እኔም ሁለቴ መመለስ ለምጃለሁ።

የአንድ ቢሮ ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ ጠራችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የድሮ መዝገብ ክፍል የሠራተኞች ልጆች ማቆያ ልታደርገው አስባለች። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው፤ በሩ አንድ ብቻ። ለዚያ በር በካርድና በስልክ የሚከፈት ዘመናዊ ቁልፍ ፈልጋ የሁለት ኩባንያ ዕቃ አስመጥታለች። ሁለቱንም በየተራ ገጥሜ፣ ጥቂት ጥቂት ቀን ፈትሼ፣ የትኛው እንደሚሻል ጽፌ እንድፈርም ነው ሥራው።

ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ውስጥ ስንት ሰው አለ... ሁለቱም ይህንን እየመዘገቡ በኢንተርኔት ወደ ክላውድ ይልካሉ። እኔ ስልኬ ላይ አየዋለሁ።

የሕንፃው ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ግን ሁሉም "ሻለቃ" ይላቸዋል። ክላውድ ማለት ደመና ነው ስላቸው፣ እንግዲያው ዝናብ የጣለ ቀን ጉዳችን ሁሉ ሊወርድ ነዋ ብለው አሳቁኝ።

ሰኞ ከሰዓት የመጀመሪያውን ገጠምኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። ወንበር እንኳ የለም። ቆልፌ ወጣሁና ስልኬን አየሁ።

"ውስጥ ያሉ ሰዎች፦ 8"

ተመልሼ ከፈትኩ። ባዶ።

ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩት። በሩን ዘጋሁ...

ስምንት።

አዲስ ዕቃ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል አልኩ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ከአሥር ሲል ስልኬ ጮኸ። በሩ ከውስጥ ተከፍቷል ይላል። ቁጥሩ ሰባት ሆነ። ረቡዕ በዚያችው ደቂቃ ስድስት። ሐሙስ አምስት። አርብ አራት።

መግባት የለም። መውጣት ብቻ።

አርብ ከሰዓት ቁልፉን ልፈታ ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩ። ያኔ ነው የውስጡን እጀታ ልብ ብዬ ያየሁት።

ከካርቶን ያወጣሁት ሰኞ ነው። አሁን ግን ጥቁር ቀለሙ አልቆ ብረቱ ያብለጨልጫል... የሃያ ዓመት እጅ የዳሰሰው ይመስላል። የውጪው እጀታ ጭረት እንኳ የለበትም።

ሁለተኛውን ገጠምኩ። ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ ክላውድ። ሁለቱ ከነመኖራቸውም አይተዋወቁም። ስልኬ ላይ ከፈትኩት።

"ውስጥ ያሉ ሰዎች፦ 4"

ቅዳሜና እሑድ ሕንፃው ዝግ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስመጣ ቁጥሩ ሁለት ደርሷል። ሻለቃ በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር። እሑድ ረፋዱ ላይ ወንበራቸውን ከክፍሉ በር ፊት ለፊት አድርገው ተቀምጠው ነበር። እጀታው ወረደ፣ በሩ ገርበብ አለ፣ ተመልሶ ተዘጋ። ማንም ሲወጣ አላዩም።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

"ልጄ... እግሬን ሰበሰብኩ።"

"ለምን?"

"ሰው ላሳልፍ።"

አራት ሰዓት ከአሥር ሲሆን ስልኬ ጮኸ። አንድ ቀረ።

ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ወጣሁ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጆቹ ረቡዕ እንደሚገቡ ለወላጆች ተናግራ ጨርሳለች፣ የራሷም ልጅ አለችበት። ሁለቱም ዕቃዎች ተበላሽተዋል ብለሽ ፈርሚና ተራ ቁልፍ ግጠሚልን አለችኝ።

"ሁለቱ አይተዋወቁም" አልኳት። "ያዩት ግን አንድ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ነው የምፈርመው።"

"ሌላ ቁልፍ ሠሪ አመጣለሁ።"

"ያምጡ። እኔ ሕፃን የሚገባበት በር ላይ ውሸት አልገጥምም።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፈርቼ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። ሰባቱ የት እንደሄዱ አላውቅም። ስምንተኛው ግን እኔ ቁልፍ በገጠምኩበት በር አይወጣም።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ሲሆን በካርዴ ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ስልኬን አየሁ።

ሁለት።

እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ክፍሉ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው...

ከዚያ ትንፋሼን ያዝኩ።

ትንፋሹ አላቆመም።

አራት ሰዓት ከአሥር። ቀዝቃዛው ብረት መዳፌ ሥር ሞቀ። ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ወደ ላይ ገፋሁት። ከጆሮዬ ሥር፣ በሹክሹክታ...

"ተራዬ ነው።"

እጀታውን አጥብቄ ያዝኩ።

"ተራ የለም" አልኩ።

"ሁሉም ወጡ።"

"አንተ አትወጣም።"

ምን ያህል እንደታገልን አላውቅም። ክንዴ ሊገነጠል ደርሶ ነበር። ድንገት ላላ። በሩን በጎኔ ልክ ብቻ ከፍቼ ሾልኬ ወጣሁና በትከሻዬ ዘጋሁት።

አንድ።

ከመሣሪያ ቦርሳዬ ድሪሉን አወጣሁ። በሩ ላይ ወፍራም የብረት መወርወሪያ መትቼ፣ የአባቴን ትልቅ ጓጉንቸር ቆለፍኩበት። ክላውድ የለው፣ ካርድ የለው።

ሥራ አስኪያጇ የድሪሉን ጩኸት ሰምታ እየተቆጣች መጣች። እጄን አሳየኋት። ጀርባው ላይ አራት ጣት ታትሞበታል... ከእኔ ጣት የረዘመ። አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ከሰዓት በኋላ የልጆቹ ማቆያ ምድር ቤት እንደሚሆን ለወላጆች ተነገረ።

ሪፖርቱን በአንድ መስመር ጻፍኩት። "ሁለቱም ልክ ናቸው።" ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ሻለቃ ደወሉልኝ። ስደርስ ሦስተኛ ፎቅ ይዘውኝ ወጡ።

በሩ እንደተቆለፈ ነው። እሳቸው ያሳዩኝ የኮሪደሩን ምንጣፍ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ጎን ለጎን ሰባት ቦታ ተጨፍልቋል። ሰው ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ሲቀመጥ እንደሚጨፈልቀው። ጠዋት ጠዋት ጽዳቶቹ ጸጉሩን በማሽን ያቆሙታል፤ ረፋዱ ላይ ተመልሶ ይተኛል።

ክንዴን ያዙኝ።

"እንሂድ" አሉ በሹክሹክታ።

"አልሄድም። ይሂዱ እነሱ።"

ያኔ... ከመሃል አንዱ ቦታ ላይ፣ ተጨፍልቆ የነበረው የምንጣፉ ጸጉር ቀስ እያለ ቀና ማለት ጀመረ።