ሩብ ዙር

አጎት በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ቀጠሮው ዘጠኝ ላይ ነው።

በዚህ ሥራ ሩብ ሰዓት ማርፈድ የጤና አይደለም።

በያጇ የጋለውን መበየጃ ማስቀመጫው ላይ ሰካችና ቀና አለች። ሰውዬው ሰው የሚያክል የስፒከር ሳጥን በጋሪ እየጎተተ ነው። ላብ በላብ ሆኗል።

«ድምፁ ይንቀጠቀጣል» አለ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ዝግ ነን።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። የበያጇ ልብ ግን አልረጋም።

የሰፈሩ ሰው «በያጇ» ይላታል፤ አለቆቿ ደግሞ «ቋጠሮ»፤ ከእነሱ ጋር የሚያገናኛት ሰው «አጎት» ይባላል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጭስ እየጠጣች፣ በዚህ ወርክሾፕ የሲንተሳይዘር ሞጁሎች፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ክፍሎች፣ ስትበይድ ኖራለች። እያንዳንዱ ሞጁል የየራሱ ሥራ አለው፤ ሙዚቀኛው በገመድ እንዳሻው ያገናኛቸዋል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ አንድ-ሁለት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክ ላይ «አንድ… ሁለት…» ሲሉ፣ በር ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ መንገደኛው ሁሉ ይሰማቸዋል። «ጋሼ፣ ሦስትን ማን ወሰደብዎት?» ይላቸዋል ፀጉር አስተካካዩ።

ጋሼ የተካኑት ድምፅ በማዘግየት ነው። ያለ ካሴት፣ ያለ ኮምፒውተር። ቺፑ ውስጥ ጥቃቅን ባልዲዎች ተሰልፈዋል በለው። ቤት ሲቃጠል ሰዎች ተሰልፈው ውኃ እንደሚቀባበሉት ድምፁን ከአንዱ ወደ አንዱ ያሳልፉታል። መጨረሻ ሲደርስ ዘግይቶ ይወጣል። የወጣውን መልሰህ ካስገባኸው ይዞራል፣ ይዞራል። በየዙሩ ግን ትንሽ ይፈሳል። «ማሽኑ አይረሳም» ይላሉ ጋሼ፣ «ይደክመዋል እንጂ።»

ይህን ጥበባቸውን የጸጥታ ሰዎች ፈለጉት። ለሚስጥር ሬዲዮናቸው ንግግር ቆራርጦ የሚያዘገይ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እንዲሠሩ አስገደዷቸው። ሰሌዳው እጁ የገባ ሰው ሚስጥራቸውን ሁሉ ይሰማል። በያጇ የተላከችው ለዚህ ነው። ጋሼ ሲደርሱባት አልጮሁም፣ አላጋለጧትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ሐሙስ ሰሌዳውን ይወስዳሉ፤ ዓርብ ደግሞ እኔን። አውጪኝ፣ ልጄ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው። አጎት የጎተተው ሳጥን ባዶ ነው፤ የተሠራውም በጋሼ ልክ ነው።

«ሰሌዳውን መጀመሪያ» አለ አጎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጓሮ ነው። ላምጣልዎት።»

ስትመለስ ሰሌዳው እጇ ላይ ነው። የጠረጴዛው መሳቢያ ገርበብ ብሏል። አጎት መስኮቱ ጋ ቆሟል። ዝም ብሏል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የማዘግየቻ ሞጁል የድምፅ ጠቋሚ መርፌ ግን ይዘላል።

ጋሼ ያንን ሞጁል አጥፍተውት አያውቁም። ማይኩ ድምፅ ሲሰማ ይከፈታል፣ ዝም ሲባል ይዘጋል፤ የገባው ቃል ባልዲዎቹ ውስጥ እየዞረ ይቆያል። አሁን የጆሮ ማዳመጫ ስለተሰካበት የበሩ ማጉያ ጸጥ ብሏል። ከዚህ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ማንም ቢናገር አዲሱ ቃል አሮጌው ላይ ይደረባል።

አጎት አፉን ሊከፍት ነው።

በያጇ ጠረጴዛ የምታስተካክል መስላ የማይኩን ገመድ ነቀለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ።

«ሰሌዳውን ልፈትሸው። ሁለት ደቂቃ።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የአጎት ድምፅ ነው። ከሌላ ወሬ ጋር ተደራርቦ ዳር ዳሩ ተበልቷል፤ የመጨረሻው ቃል ግን ይለያል።

«…ሽማግሌው ለእናንተ ይቀራል… ሽማግሌው ለእናንተ ይቀራል…»

ክው አለች።

በመስኮቱ አሻግራ አየች። ከመንገዱ ማዶ ጋዜጣ አንባቢው ተቀምጧል። ወር ሙሉ ጋሼን የሚጠብቅ የጸጥታ ሰው ነው፤ ገጽ ሲገልጥ ታይቶ አያውቅም። አሁን ጆሮው ውስጥ የደበቀውን ማዳመጫ ይነካካል። አጎት ደግሞ ኮሌታው ሥር የሸሸገውን፣ ሲጫኑት ብቻ የሚያስተላልፍ መነጋገሪያ። ሩብ ሰዓቱ የት እንደጠፋ ገባት። የጋሼን የማምለጫ ወሬ ሸጦ ለራሱ ሳይፈተሽ የሚያልፍበት መንገድ ገዝቷል። ስለ ሰሌዳው ለሰውዬው ትንፍሽ አላለም። ሰሌዳውን በኪሱ፣ ሳጥኑን ባዶውን ይዞ ሊወጣ ነው።

ለማን ታሰማዋለች? ቃሉ ግማሽ ሰዓት አይቆይም።

ሰሌዳው ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ብሎን አለች። የመዘግየቱን ልክ የምትወስነው እሷ ናት። ቁጥር የላትም፤ የትም አልተጻፈችም። ጋሼ ናቸው ሳምንታት አዳምጠው በጆሯቸው ያቆሟት።

በያጇ ካቻቢቴ አነሳች። ዓይኑ እያየ ሩብ ዙር አዞረቻት።

«ምን አደረግሽ?»

«አበላሸሁት። መልሶ የሚያቆመው የጋሼ ጆሮ ብቻ ነው።»

«አብደሻል?»

«ሽማግሌው ለእናንተ ይቀራል» አለችው በራሱ ቃል። ፊቱ አመድ መሰለ። «መሳቢያ የበረበርከው መቅጃ ፍለጋ ነው አይደል? እዚህ ቤት መቅጃ የለም።» ሁለት ዓመት ያልተጓደለው አንቱታ እዚያ ላይ ቀረ።

አጎት ሰዓቱን አየ። ለመናደድም ጊዜ አልነበረውም።

«አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ። ሽማግሌው መውጣቱን ካወቁ ኬላ ሳልደርስ ይይዙኛል።»

«አያውቁም። ድምፃቸውን ይሰማሉ። እኔ እዚህ እቆያለሁ።»

ከኪሱ ፓስፖርት አወጣ። የእሷ ነው፤ ዛሬ ሊሰጣት ያመጣው። አገላብጦ አየውና መልሶ ከተተው።

«ይሄን የምታገኚው ሰሌዳው የሠራ ቀን ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ በሬዲዮ ቁጥር ይነበባል። መጨረሻው ሰባት ከሆነ ሰሌዳው ሠርቷል፤ ወደብ ነይ። አራት ከሆነ ገና ነው፤ ጠብቂ።»

ጋሼን ከጓሮ ስታመጣቸው ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻቸው።

«ብሎኗን ሩብ ዙር አንቀሳቅሻታለሁ። ጋሼ፣ ሰሌዳው ከሠራ በኋላ አለቆቼ እርስዎን አይፈልጉም፤ ይጥሉዎታል። ቀስ ይበሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ነገ እከተላለሁ።»

ዋሸቻቸው፤ እሳቸውም አላመኗት። አገጯን ያዝ አደረጉና «ዕድሜዬን በሙሉ ያዘገየሁ ሰው ነኝ፣ ልጄ» አሉ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

የወጣውን ድምፅ መልሶ የሚያስገባውን መመለሻ ዘጋች። የአጎት ቃል ፈሶ አለቀ። መመለሻውን ከፈተች፣ ማይኩን ሰካች፣ ማዳመጫውን ነቀለች። ጋሼ ጎንበስ አሉ።

«አንድ… ሁለት…»

ስንብታቸው ይኸው ነበር። ወዲያው ማይኩን ነቀለች። እሳቸው ሳጥኑ ውስጥ ተጣጥፈው ሲገቡ ድምፃቸው መንገዱ ላይ ይዞር ነበር። አጎት ጋሪውን እየገፋ ወጣ። ጋዜጣ አንባቢው ጋሪው እንዲያልፍ እግሩን ሰበሰበ።

«አንድ… ሁለት…»

ሳጥኑ የተጫነበት የአጎት መኪና መንገዱን ታጠፈ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ድምፁ በየዙሩ ይፈሳል። መጀመሪያ «ድ» ሟሸሸች። ሩብ ሰዓት ሲሞላ «ሁለት» ንፋስ ሆነች። በያጇ መመለሻውን በፀጉር ስፋት ከፍ ታደርጋለች፣ ጆሮዋን ትሰጣለች፣ ዝቅ ታደርጋለች። እንባዋ ይወርዳል፤ መጥረጊያ እጅ የላትም።

ማዶ ጋዜጣው ታጠፈ።

ሰውዬው ተነሳ።

ማሽኑን እንዲህ ሲያጉረመርም ከደረሰበት ነገሩ ይገባዋል፤ ጋሼም ገና ኬላውን አላለፉም። ማጥፋት አለባት። ሲጠፋ ግን ከጋሼ ድምፅ የተረፈው በሙሉ ይጠፋል። እጇ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ቆየ።

አጠፋችው።

ጓሮ። አጥር። ሌላ መንገድ። ከኋላዋ በር ሲሰበር ሰማች፤ ዞራ አላየችም።

ዛሬ በሌላ ከተማ አንድ ኮሪደር ውስጥ የሞባይል ቻርጀር ትጠግናለች። ስሟን የሚጠይቃት የለም። «እህቴ» ይሏታል፣ ይበቃል። ፓስፖርት የላት፣ አገር የላት። ሦስት ዓመት ሆናት።

ዛሬ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ትሰማለች። ሴትዮዋ ቁጥር ታነባለች።

«ዘጠኝ… ሁለት… ስድስት…»

መጀመሪያ ሰሞን ሰባትን ትለምን ነበር። ሰባት ማለት ቤቷ ነው። አሁን ሰባትን ትፈራለች።

«…አራት።»

ትንፋሿን ለቀቀች። ጋሼ ዛሬም አልጨረሱም።

«እህቴ፣ ያ ቻርጀር ደረሰልኝ?» አለ አንድ ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ።

«ገና ነው» አለችው። ፊቷ በርቶ ነበር።