የሚካኤል ዕለት እርሾ

ተመራማሪው ዳኘው ቅዳሜ ጠዋት በእርሾ ቤቱ ወለል ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ ቀኝ እጁ አጠገብ ክዳን ያላት ጠፍጣፋ ብርጭቆ ነበረች። ውስጧ የምስር ፍሬ የሚያህሉ የእርሾ ነጠብጣቦች በቅለዋል፤ ግማሾቹ ነጭ፣ ግማሾቹ ደም የመሰሉ ቀይ።

ወሬው ከፍኖተ ሰላም ለመውጣት አውቶብስ አልጠበቀም። መናኸሪያው ላይ «እርሾው ደም አላበው» ተባለ። ቡሬ ሲደርስ «በስሙ ሦስት ጊዜ ጠራው፤ በሦስተኛው አቤት ሲል ወደቀ» ሆነ። ደምበጫ ሲገባ ደግሞ እርሾው ከብርጭቆው ወጥቶ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ጠበል ተጠምቆ ተመልሷል።

ምክትል ኢንስፔክተር ፀደንያ ይህን ሰምታ መሳቅ ፈልጋ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ግን ሳቋ ጠፋ። የእርሾው ማሞቂያ ሳጥን እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል፤ ሬሳው ከተነሳ በኋላም አንድ ሰው ጥግ ይዞ የሚተነፍስ ይመስላል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። የዳኘው ማጅራት ያረፈው እዚያ ነው። ክፍሉ እንደ ቆላ ስለሚሞቅ ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት መቁረጥ አቃተው።

የቆረጠችው ብርጭቆዋ ናት። ክዳኗ ላይ «ሚካኤል» ተብሎ ተጽፏል። ዳኘው እርሾ የዘራበትን ቀን የሚመዘግበው በወሩ በዓላት ነበር፤ ሚካኤል አሥራ ሁለት፣ ማለትም ትናንት ዓርብ። ዓርብ ግቢው ውስጥ የዋለችው ደግሞ ዕቃ አጣቢዋ እህተ ማርያም ብቻ ናት። ቁልፍም አላት። እስር ቤት የሚያደርሳት መኪና ከበር ቆሟል።

«ትናንት ገብተው ነበር?» አለች ፀደንያ።

«አልገባሁም። በሩ ዝግ ነበር። ሚካኤልን ሊሳለም ሄዷል ብዬ ደጅ ሳጥብ ዋልኩ።»

«ሰው እርሾው ገደለው ይላል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን እርሾ አጠብኩ፣ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። የገደለው ሰው ነው፣ ልጄ።»

የዳኘው ተማሪ ክንፈሚካኤል ዓይኑ አብጦ ጠበቃት።

«ሐሙስና ዓርብ የት ነበርክ?»

«ወባ ጥሎኝ ቤት ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ትኋን።»

«እዚህ ምን ነበር የምትሠሩት?»

«ሰውነታችን ውስጥ ጠባቂ ፕሮቲን አለ። አንድ ሕዋስ ተበላሽቶ ያለ ልክ ልራባ ሲል ያስቆመዋል፤ እምቢ ካለም እንዲሞት ያደርገዋል። ይህ ጠባቂ ሲሰበር ዕጢ ይመጣል። ጋሼ ዳኘው የጠባቂውን ዘረመል ከሰው ደም ወስደው እርሾ ውስጥ ያስገቡታል። እርሾው መጀመሪያ ሁሉም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጠባቂው ደህና ከሆነ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከተሰበረ እያደር ይቀላል።»

«ግማሽ በግማሽ ከሆነስ?»

«ሰውየው ከአንዱ ወላጁ የተሰበረ ወርሷል። ለልጁም ሊያወርስ ይችላል።»

የሁሉም በር ቁልፍ የሚይዘው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወንዳወቅ ቤቱ ቡሬ ነው፤ አረቄ በማውጣት የታወቀ ቤት።

«አያ ወንዳወቅ፣ ዓርብ የት ዋሉ?»

«ቤቴ። ለልጄ ለውዳሴ ሽማግሌ ተልኮ። ሃምሳ ሰው አይቶኛል።»

«ሐሙስስ?»

«ማታ ከዚህ ስወጣ ዳኘው ደህና ነበር። ዓርብ እርሾ ዘርቶ የለም እንዴ? እርሾ መቼም ማታ ተጠንስሶ ጠዋት ይነሣል።»

ፀደንያ ወደ በሩ ወጣች። ከዚያ ሹፌሩን ሞተሩን እንዲያጠፋ አዝዛ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማሞቂያው ያቃስታል።

«እትዬ እህተ ማርያም፣ ይህ እርሾ በስንት ቀኑ ይቀላል?»

«በአራተኛው። በሁለተኛው ቀን ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ሳይቀላ እንዳታጥቢ እያለ ይቆጣኝ ነበር።»

ክንፈሚካኤል ራሱን ነቀነቀ።

ፀደንያ ብርጭቆዋን አወጣች። «እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ቀልቶ የተገኘ፣ ዓርብ አልተዘራም። ክዳኑን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ዳኘው ዓርብ በሕይወት ነበር እንድንል። ይህ ለእትዬ መታሰሪያ እንጂ መውጫ አይደለም። ለክንፈሚካኤልም አይጠቅመው፤ ሐሙስም ዓርብም ምስክሩ ትኋን ነው። ደግሞ ሁለቱም ቀዩ መቼ እንደሚመጣ ያውቃሉ። የተሳሳተው እርሾን በአረቄ ድፍድፍ ብቻ የሚያውቅ፣ ዓርብ ሃምሳ ሰው ያየው ሰው ነው።»

«የድፍድፍ ቤት ሞልቷል፣» አለ ወንዳወቅ።

«ሞልቷል። ክንፈሚካኤል፣ ዳኘው የሰውየውን ቁጥር የት ነበር የሚጽፈው?»

«ከታች። ክዳን ይለዋወጣል።»

ብርጭቆዋን ገለበጠቻት፤ ሠላሳ አንድ። ክንፈሚካኤል የዳኘውን መዝገብ ገልጦ በጣቱ ወረደ፤ ጣቱ አንድ ቦታ ሲቆም ቀና ብሎ ወንዳወቅን አየው።

«ከዚህ ሁሉ ብርጭቆ የራስዎን ደም አነሡ፣ አያ ወንዳወቅ፣» አለች ፀደንያ።

«ሌሎቹ ነጭ ነበሩ፣» አለ ወንዳወቅ ቀስ ብሎ። «እኔ ይቺ የበሰለች መስላኝ ነው።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ሐሙስ ነገረኝ። እህቴን እንቁን የበላት ነገር እኔም ውስጥ አለ አለኝ። ለውዳሴ ንገራት፣ በጊዜ ትመርመር አለኝ። ነገ ሽማግሌ ሊመጣብኝ፣ ሰው ዘራችንን እየጠየቀ፣ አንድ ሳምንት ታገሠኝ አልኩት። ካልነገርካት ነገ እኔው ሄጄ እነግራታለሁ አለ። ገፋሁት። ስገፋው ጠረጴዛውን አላየሁም።» ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ለልጄ አትንገሩብኝ። አባቷ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ትስማ፤ ያንን ግን አትስማ።»

እህተ ማርያምን ሊወስድ የመጣው መኪና እሱን ይዞ ሄደ።

ፀደንያ ወደ ውዳሴ ለመሄድ የቡሬ አውቶብስ ልትሳፈር ስትወጣ እህተ ማርያም ነጠላዋን አስተካክላ ተከተለቻት።

«እርስዎ እኮ ነጻ ነዎት። ቤትዎ ይግቡ።»

«እገባለሁ። ግን ይህን ነገር ያቺ ልጅ ከፖሊስ አፍ ብቻ ልትሰማው ነው? ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ሰው ቀልቶ አይቻለሁ፤ በጊዜ ደርሰው የዳኑም አሉ። እሱን እኔ እነግራታለሁ።»

አውቶብሱ ውስጥ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ለፀደንያም ቦታ ያዘችላት።