የፍሪጁ በር ላይ የነበረው ውሃ

ሄቨን የመጨረሻውን ጉንጭ ውጣ ጠርሙሱን ከአፏ ስታወርድ ጓደኛዋ ሀሴት የወጥ ቤቱ በር ላይ ደርቃ ቆማ ነበር።

«የቱን ነው የጠጣሽው?»

«ፍሪጁ በር ላይ የነበረውን። ውሃ ውሰጂ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ከታች ካለው ነዋ! እሱ የእማዬ ጠበል ነው።»

ሄቨን ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። እዚህ ቴክሳስ፣ ሳክሲ ከተማ ውስጥ ማንም ሰው ከሱቅ በካርቶን የሚገዛው ዓይነት ነው። ከፓርክ ኳስ ተጫውተው መምጣታቸው ስለነበር ጣዕሙን እንኳ አላስተዋለችም። ቤተሰቧ ፕሮቴስታንት ነው፤ ጠበል ሲባል ትሰማለች እንጂ ቀምሳ አታውቅም።

«ሶ... ሌላ የላችሁም?»

«አጎቴ ክፍሉ ከኢትዮጵያ ያመጣው ይሄ ብቻ ነው የቀረው። እማዬ ነገ ፎርት ዎርዝ ኦፕሬሽን አላት አላልኩሽም? ለዛሬ ብላ ነው ያስቀመጠችው።»

ሀሴት ጠርሙሱን ነጠቀቻት። ከቧንቧው እስከ አንገቱ ሞላችው፣ ውጭውን በፎጣ አደረቀችና ቦታው መለሰችው።

«በቃ። አንቺ አልጠጣሽም፣ እኔም አላየሁም።»

«ሀሴት!»

«ምን? ላብራቶሪ ብትወስጂው ልዩነት አለው? የናንተ ቸርች ራሱ ውሃ ውሃ ነው አይደል የሚለው?»

የነሄቨን ቸርች ድሮ የምንጣፍ መደብር ነበር። አባቷ ግን መኪናውን እዚያ ፓርክ ካደረገ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጡ የሀሴት እናት ዓለምሸት ከነኤርፖርት ዩኒፎርሟ ገባች።

«ሄቨንዬ፣ መጣሽ? ይቺ ልጅ የሚበላ ሰጠችሽ?»

«በልተናል እትዬ።»

«ጎበዞች። እኔ እስካሁን ጾሜን ነኝ።»

ባጇን ፈትታ እጇን ታጠበች። ነጠላ አውጥታ ተከናነበች። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍሪጁ አወጣች።

ዓለምሸት ሳህን ስታጥብም መኪና ስትነዳም ወሬ የማታቋርጥ ሴት ናት። አሁን ግን «አምላኬ፣ ነገን አሳልፈኝ» ብቻ አለች። አማተበች። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆየችና ክዳኑን አዞረች።

ፈርታለች። ሄቨን ይህን አላሰበችውም ነበር።

ሀሴት በጠረጴዛው ሥር የሄቨንን እግር ረገጠች። ትጠጣው፣ ምን ይጎድላታል? አለች ሄቨንም በልቧ። ውሃው ያው ውሃ ነው። ጠበል ቢሆንም አያያዟ ያው ነበር። ግን በእጇ የያዘችውን የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ እንጂ ዓለምሸት አይደለችም።

ጠርሙሱ ከንፈሯ ጋ ደረሰ።

«እትዬ ዓለምሸት፣ አይጠጡት። ጠበሉን እኔ ጨረስኩት። ማለቴ... ሳላውቅ ነው። ያ የቧንቧ ነው።»

ሀሴት ዓይኗን ጨፈነች። ዓለምሸት ጠርሙሱን ቀስ ብላ አወረደች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እህል ቀምሰሽ ነበር?»

«ቡሪቶ።»

ዓለምሸት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በቡሪቶ ላይ» አለች፤ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሄቨን ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «ሌዊስቪል ያለው የናንተ ቤተ ክርስቲያን ጠበል አይገኝም?»

«ቄሱ ይባርኩልኛል። ግን ከሌሊት ጀምሬ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ያን ያህል መንዳት አልችልም።»

ሄቨን ስልኳን አወጣች። አባቷ ጠበል ፍለጋ መኪና አስነስቶ አያውቅም፤ ምን ብላ እንደምትጀምርለትም አላወቀችም።

ደወለችለት።