ከሰልስቱ አንድ ቀን በፊት

ሀዋኒና ፊሮምሳ የተዋወቁት በሰው ለቅሶ ላይ ነው። ፍቅር ቦታ አይመርጥም ይባላል፤ የነሱማ ጭራሽ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ያውም ድንኳኑን ሊያስፈርሱ ሄደው ነው የያዛቸው።

ሚያዝያ 2012 ነበር። የጎባ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወር አልፏል። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ሀዋኒ፣ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ከማየት ይሻላል ብላ የቀበሌው የወረርሽኝ መከላከል ቡድን ውስጥ ገባች። ፊሮምሳ ደግሞ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ በሚያስከፍለው ሚኒባስ በየጠዋቱ ከሮቤ የሚመጣ የጤና ባለሙያ ነው። ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ መምከር፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረትም ሰው ሲሰበሰብ መበተን ነበር። ሆቴሉ ተዘግቶ፣ ሠርጉ ቀርቶ፣ በዚያን ሰሞን ጎባ ውስጥ ሰው ከለቅሶ ቤት በቀር የት ይሰበሰባል?

የመጀመሪያው ድንኳን የአዴ ሲምቦ ነበር። ልጃቸው ሞቶባቸዋል። ፊሮምሳ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፤ ቃል ግን አልወጣውም። የተናገረችው ሀዋኒ ነች።

«አዴ ሲምቦ፣ ኀዘን በልብ ነው። ድንኳን ሟችን አይመልስም።»

«ልጄ፣ ሰው የሌለበት ቀብር መቅበር አይባልም፤ መጣል ነው» አሏት አሮጊቷ። ያም ሆኖ እሺ ብለው ድንኳኑን አስነሱ።

መንገድ ላይ ሲወጡ ፊሮምሳ፣ «አንቺ ባትኖሪ እኔም ቁጭ ብዬ አብሬ ላለቅስ ነበር» አላት። ሀዋኒ ሳቀች። አፏ በጭምብል ተሸፍኖ ስለነበር ሳቋን ከዐይኗ ላይ አገኘው፤ ከዚያ ወዲያ ዐይኗን ማየት አልተወም።

በማግስቱ አጠገቡ ስትደርስ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«ሁለት የአዋቂ እርምጃ፣ መምህርት!»

«የማን አዋቂ? ባንተ እግር ከሆነማ ሮቤ ልደርስ ነው።»

«እንግዲያው ባንቺ እግር ይሁን» አለና ጠጋ አለ።

ቀትር ላይ ድንጋይ አጥር ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። የጎባ ብርድ በሰኔም በሚያዝያም ያው ነው። እሱ የገብስ ቆሎውን ከኪሱ አውጥቶ እጇን ሳይነካ ከላይ መዳፏ ላይ ያፈስላታል። ሁለት ወር ሙሉ እጅ ለእጅ ተነካክተው አያውቁም። ሰውን ሁሉ ታጠቡ፣ ታጠቡ ስትል የምትውለው ልጅ ግን፣ ቤቷ ስትገባ ያንን መዳፏን ለመታጠብ ትሳሳ ነበር።

አባቷ አቶ አቤሴሎም ሃያ ስምንት ዓመት የእድር ዳኛ ናቸው። ክርስቲያን ሞተ እስላም ሞተ፣ ጎባ ውስጥ ያልቀበሩት ሰው፣ ያላስተዛዘኑት ቤት የለም። የፊሮምሳን ነገር ሲሰሙ ጢማቸውን አሻሹ።

«ልጁ ጨዋ ነው አሉ። ግን አዋጁ ይነሳና ሽማግሌ ይላክ። እኔ ልጄን በአራት ሰው ፊት አልድርም!»

በሰኔ አጋማሽ አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ተመርምረው ከበሽታው ነፃ ሆነው ተገኙ፤ ለሬሳ ምን ይረባዋል።

ሰው ጎረፈ። ከሮቤ በባጃጅ፣ ከገሰራ በጭነት መኪና መጣ። እናት አባቱን፣ ልጁን አቶ አቤሴሎም የቀበሩለት ሁሉ ብድሩን ሊመልስ መጣ። እድሩ ራሱ ድንኳን ጣለ፤ ለእድር ደግሞ ማን ደፍሮ ይናገራል? ሀዋኒ ከእናቷ ከወይዘሮ ጣይቱ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የሕዝቡን ድምፅ ስትሰማ ደስ አላት። አባቷ ብቻቸውን አልሄዱም።

በሁለተኛው ቀን ፊሮምሳ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ።

ሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ሮቤ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ አዝኖ፣ «አንድ ቀን ብቻ» ብሎ ትቷቸው፣ ከዚያ ድንኳን አሥራ አንድ ሰው ታሟል፤ አንዲት እናት ሞታለች። ያን ዕለት ለሀዋኒ ደውሎ እንደ ልጅ አልቅሷል። ከእንግዲህ ለማንም አልራራም ያለው ለእሷ ነው።

ጭምብሉን ሳያወልቅ ጎንበስ አለ። «እማማ ጣይቱ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን።»

«ድንኳኑ... መነሳት አለበት።»

ወይዘሮ ጣይቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ! ነገ እኮ ሰልስቱ ነው። አንዲት ቀን። እሱ የስንቱን አገር ሰው ሲቀብር ኖሮ!» ለቅሶው አሸነፋቸውና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ያን ጊዜ ፊሮምሳ ዞር ብሎ ሀዋኒን አያት።

ዐይኑ ምን እንደሚላት ከእሷ በቀር የገባው ሰው አልነበረም፤ ልሂድ? ነው የሚላት። ራሷን አንዴ ብትነቀንቅ ፖሊሶቹን ይዞ ይመለሳል። ሥራው ቢቀርም፣ ሰው ቢሞትም ይመለሳል። ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ሀዋኒ አዴ ሲምቦን አሰበች፤ ከሳቸው በኋላ በእሷ ምክር የፈረሱትን ዘጠኝ ድንኳኖች አሰበች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ሰው ስትመክር እንዴት ቀሏት ነበር! አሁን በምን አፏ ተው ትለዋለች? በምን አንጀቷስ አፍርሰው ትለዋለች?

ዐይኗን ከዐይኑ ነቅላ ፍራሹ ላይ ተከለች።

«ፍቱት» አላቸው ፊሮምሳ ፖሊሶቹን።

ሰልስቱን ስድስት ሰው ዋለው።

መስከረም ሳይጠባ አዋጁ ተነሳ። ጥቅምት ላይ ፊሮምሳ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ወይዘሮ ጣይቱ በጨዋ ደንብ ተቀብለው፣ አስቀምጠው፣ ጨርሰው ሰሟቸው።

«የአቤሴሎምን ድንኳን ያፈረሰ ሰው የልጁን የሠርግ ድንኳን አይጥልም» አሉ። «ይኸው ነው። ባዶ እጃችሁን በመመለሳችሁ ይቅር በሉኝ።»

ሀዋኒ ጓዳ ቆማ ትሰማለች። አንዲት ቃል ነበር የሚበቃት፤ እማዬ፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩለት። ቃሉ እስከ ጥርሷ መጣ። ግን እናቷ ከሰኔ ወዲህ ሰው ሆነው የሚውሉት እሷን አይተው ነው። እሷም አለችበት ከተባሉ በማን ይጽናኑ? ሀዋኒ ፈራች። እውነቱ ይህ ነው፣ ፈራች፤ ፍርሃቷንም ርኅራኄ ብላ ጠራችው።

ከሰዓት በኋላ ፊሮምሳ ደወለ።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳትም።»



«በቃ አትንገሪያቸው» አለ። «ካንቺ በቀር ማን አላቸው? እኔን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ጠልቶኛል፤ ለምጄዋለሁ።»

«ፊሮ፣ እኔ...»

«ደህና ሁኚ፣ መምህርት።»

ወደ ገሰራ ተዛውሮ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ አገባ። ሀዋኒ የሠርጉን ወሬ የሰማችው የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ነው፤ እርማቱን ጨረሰች፣ ተነስታም እራት ሠራች። ለትዳር የጠየቋት ሌሎች ነበሩ። አንዱን ቁመቱን፣ ሌላውን ድምፁን ሰበብ እያደረገች መለሰቻቸው።

ዘንድሮ በጥር ከጎረቤት ለቅሶ እናትና ልጅ አብረው ተመለሱ። መንገዱን የዘጋ ድንኳን፣ ሦስት ቀን ሙሉ የማይነቃነቅ ሕዝብ ነበር። ወይዘሮ ጣይቱ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያወለቁ፣ «ያ ልጅ ሁለተኛ ወለደ አሉ» አሉ።

«አዎ፣ ሰማሁ።»

«ክፉ ልጅ አልነበረም። ስንት ሰው እንዳለቀ በኋላ ሰማን እኮ። ሥራው ነው፤ ገብቶኛል።» አንዱን ጫማ በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። «እኔን ያንገበገበኝ ያ አይደለም። እወዳታለሁ ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ሰው፣ አንቺ የአባትሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ አንዴ ዞር ብሎ እንኳ ላያይሽ! አንዴ ዞሮ ቢጠይቅሽ ኖሮ፣ ድንኳኑን ቢያፈርሰውም፣ እኔ በዚያው ሳምንት ይቅር ብዬ ለእሱ እድርሽ ነበር።»

ሀዋኒ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ዞሮ ነበር፣ እማዬ።»

«ምን አልሽ?»

«አንቺ ፊትሽን ተሸፍነሽ ነበር። ዞሮ ጠየቀኝ።»

ወይዘሮ ጣይቱ ልጃቸውን አዩዋት። ጫማው ከእጃቸው ወደቀ።

«እና አንቺ ምን አልሽው?»

«ምንም።»