ልጄ ናይፍ የዘረጋው ሲጋራ

የልጅ ልጄ ሩባ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ብቻዬን እሄዳለሁ ስትል እሺ አላልኳትም። አዳራሽ ሙሉ ወንድ በሚጮህበት ቦታ ሴት ልጅ ብቻዋን አይለቀቅም። በዚያ ላይ የከተማችን የኢርቢድ ብርድ ክፉ ነው። ሻሌን ደርቤ ተከተልኳት።

ጉዳዩ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነበር። ይከልከል የሚሉት በአንድ ወገን፣ ሕግ ይውጣለት እንጂ አይከልከል የሚሉት በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ሩባ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ቦርሳ ያንን ማንጎ ማንጎ የሚሸት ዕቃ ስትቀማ ነው የምትውለው።

«አንዷ ተማሪዬን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ አገኘኋት» አለች ተነስታ። «ከዚህ በላይ ምን እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው? ይከልከል!»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ከወዲያ በኩል አንድ ቀጭን ወጣት ተነሳ። ሱሃይብ ይባላል፤ መነጽር ሠሪ ነው።

«እኔ ገና ጢም ሳላበቅል ሲጋራ የጀመርኩ ሰው ነኝ። ያስተወኝ ይሄ ነው» ብሎ ቬፕ የሚሉትን ያን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ለልጆች የሚሸጠውን ቅጡት። እኔን ግን ወደ ሲጋራው አትመልሱኝ።»

«ልጆቹስ ከየት የሚያገኙት ይመስልሃል?» አለች ሩባ ሳይፈቀድላት። «ከታላቅ ወንድሞቻቸው ነው። ከአንተ ዓይነቱ!»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ትኩር ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። እኔ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀን።

«መምህርት፣ እውነትሽን ነው። ታናሽ እህት አለችኝ፤ ዕቃዬን ቤት ውስጥ በየቦታው ነው ጥዬ የምሄደው።»

«ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ደብቀዋ!»

«እሺ። መጀመሪያ እማማን ደረጃውን ላውርዳቸው።»

ክንዴን ይዞ አወረደኝ። ዱርዬ ነው ብዬ የፈረድኩበት ልጅ እጁ ለስላሳ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳሰበኝ።

ከዚያ በኋላ ለተማሪዎች የሚሸጡትን ሱቆች አብረው እየዞሩ ባለሱቆቹን መለመን ጀመሩ። እኔም ከሱሃይብ መኪና የኋላ ወንበር አልጠፋሁም። ሲከራከሩ ይቆዩና ድንገት ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከክርክሩ ይልቅ ያስጨንቀኝ የነበረው ዝምታው ነው።

አንድ ቀን ሩባ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «አያቴ፣ ሊጠይቀኝ ይምጣ?» አለችኝ።

«ሳንባው ቢታመምስ? በወጣትነትሽ ባል አልባ ብትቀሪስ?»

«ኧረ ሳይመጣ ቀበርሽው እኮ!»

አስቸጋሪው ልጄ ናይፍ ነበር። የሩባ አባት ከሞተ ወዲህ እሷን የሚድራት አጎቷ ናይፍ ነው። እሱ ደግሞ ቬፕ ይከልከል ብሎ ፊርማ ሲያሰባስብ የከረመ ሰው ነው፤ ያውም በአንዱ ሲጋራ ሌላውን እየለኮሰ! «የወንድሜን ልጅ ጡጦ ለሚጠባ ጎረምሳ አልሰጥም» ይል ነበር። ስንት ለምኜው ነው በሩን የከፈተላቸው።

ሱሃይብ ከእናቱ ጋር መጣ። ናይፍ እንደ ደንባችን የሲጋራውን ሳህን ለእንግዶች አዞረ። ሱሃይብ ጋ ሲደርስ ግን ሳህኑን አስቀምጦ አንዷን መዘዘና በእጁ ዘረጋለት፤ ላይተሩንም አዘጋጀ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከቤቱ ጌታ እጅ የተዘረጋለትን ከመለሰ ራሱን እንዳሰናበተ ይቆጠራል። ሩባ የሻይ ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

የሱሃይብ እጅ ተነሳ፤ መሀል ላይ ቆመ።

«አጎቴ፣ ክብሬ ነው። ግን አልችልም። ይህቺን ከያዝኩ ነገ ፓኬቱን ነው የምገዛው።»

«ባታጨሰውም ያዘው!» ብላ እናቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ናይፍ እጁን አላጠፈም። «ጡጦህ ሲከለከልስ? ያን ጊዜ ወደዚችው አይደል የምትመለሰው?»

ምናለ አሁን ቢዋሽ፣ አልኩ በልቤ።

«አላውቅም» አለ ሱሃይብ። «አልመለስም ብዬ ብምል ደስ ይለኝ ነበር። ግን እፈራለሁ። የቬፑን ኒኮቲን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው፤ ገና አልጨረስኩም።»

ናይፍ በጣቶቹ መሀል ያለችውን ሲጋራ አያት። በየረመዳኑ ልተወው ብሎ ጀምሮ በኢድ ማግስት ሲመለስበት የማየው እኔ እናቱ ነኝ። እሱ ግን ለማንም እፈራለሁ ብሎ አያውቅም።

«አንቺስ?» አለ ወደ በሩ ዞሮ። «ይከልከል ስትዪ አልነበር?»

«ከተማሪዎቼ ዛሬም እቀማለሁ» አለች ሩባ። «ከእሱ ግን አልቀማም። ራሱ እስኪተወው አብሬው እጠብቃለሁ።»

ናይፍ ሲጋራዋን ሳህኑ ላይ መለሳት። ከዚያ ሁለት መዳፉን ከፈተ።

«በሉ፣ ፋቲሃ እንቅራ።» ፋቲሃ፣ የቁርኣን መክፈቻዋ፣ ከተቀራ ልጅቷ ታጨች ማለት ነው።

የወይራ ለቀማው ሲያልቅ ተጋቡ። ማዘጋጃ ቤቱ እስካሁን አልወሰነም፤ ሰዉም ክርክሩን አልተወም። እኔም ስጋቴ አልለቀቀኝም፤ በረንዳ ላይ ሲቀመጡ ከመጋረጃው ጀርባ አያቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሱሃይብ ወሬ ይዞ፣ ሳያስበው እጁን ቬፑ ወዳለበት የኮቱ ኪስ ሰደደ። የሩባ እጅ ቀድሞ እዚያ ገብቶ ነበር። በቬፑ ፋንታ እጇን ያዘና ወሬውን ቀጠለ።