የተሞረደው ጥርስ

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ጠፋ። አልተሰበረም፣ አልወለቀም፤ ዝም ብሎ መቋቋሙን ተወ። ሙሉ ክብደቷን የጣለችበት ቀኝ እግሯ ደረጃ እንደሳተ ሰው እግር ቁልቁል ሄደ። ደረቷ መሪው ላይ አረፈና ከብስክሌቱ ጋር አብራ ወደ ጎን ተኛች። ከኋላዋ ጋሪ ይገፋ የነበረ ሰውዬ ቆም ብሎ አያት።

«አይዞሽ፣ መንገዱ አልተጎዳም» አላትና አልፎ ሄደ።

የምትመልስለት አላጣችም፤ ያጣችው ትንፋሽ ነው። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የተፋቀ መዳፏን ጠረገች። ከዚያ የኋላውን ጎማ አየች። የማርሹ ገመድ ረግቧል። ጎማውን የያዘው ዘንግ ከቦታው ሩብ ዙር ዞሯል። ፈጽሞ መዞር አልነበረበትም። ለምን እንደዞረ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የሠራችው ራሷ ናት።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚጠሯት «ችኩሌ» ብለው ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ከመስማቷ ብዛት፣ ተናጋሪው «የቸኮለ» ሲል እሷ «አውቃለሁ፣ ለቀመ» ብላ ትጨርስለታለች። እሱንም በችኮላ።

ብስክሌቱ የእናቷ ነው። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ መፈረም አለባት። ከዘገየች የአውቶቡሱን ሰልፍ ሰበብ ብሎ የሚቀበላት የለም። እናም ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች፣ ከሕንፃቸው ምድር ቤት ባለው የአጎቷ ጋራዥ ብስክሌት ስትገጥም ሰነበተች።

አያቷ በጉልበታቸው ዘመን ፖስታ አመላላሽ ነበሩ። ከአሮጌ ብስክሌታቸው ከዝገት የተረፈው ሞዞው ብቻ ነው፤ የኋላው ጎማ እምብርት። ይህ ሞዞ ሦስት ማርሾቹን ሆዱ ውስጥ ዘግቶ፣ በዘይት ርሶ፣ ሃያ ዓመት ደረጃ ሥር ተኝቶ ምንም አልሆነም። ውጭ የሚታይ የማርሽ ጥርስ ስለሌለው ሰንሰለቱን ዙሪያውን በቆርቆሮ መሸፈን ይቻላል፤ የእናቷ ረጅም ቀሚስ አይያዝም። ማርሽ ለመቀየርም የግድ እየረገጡ መሆን የለበትም፤ መብራት ላይ ቆሞ መቀየር ይቻላል። አጎቷ ቴላዮውን፣ የብስክሌቱን አጥንት፣ ከአንድ አሮጌ ብስክሌት፣ መሪውን ከሌላ አወጣላት። እሷ ከሞዞው እስከ ቸርኬው ሠላሳ ስድስት ሽቦ አንድ በአንድ ወጠረች። ሁለት ጊዜ አፈረሰችው፣ በሦስተኛው ተሳካላት። እስከዚያ ድረስ የሚያሳፍር ነገር አልሠራችም።

ዘንጉ ከዞረ የማርሹ ገመድ ይረግብና ፔዳሉ ባዶውን ይሽከረከራል። እንዳይዞር የሚያደርጉት በግራና በቀኝ የሚገቡ ሁለት ሮንዴላዎች፣ የብረት ቀለበቶች፣ ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ጥርስ አላቸው፤ ጥርሱ ዘንጉ የሚቀመጥበት የቴላዮው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቆልፋል። የዚህኛው ቴላዮ ስንጥቅ ግን ከፖስታው ብስክሌት ይልቅ ጠባብ ሆነና ጥርሱ አልገባ አለ። አጎቷ ሞረድ ሰጣት፤ «ስንጥቁን አስፊው። ቀስ እያልሽ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል» ብሎ ወደ ደንበኛ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ሞረደች። ወፍራም ብረት ነው፤ የፀጉር ያህል አልሰፋም። ክንዷ ዛለ። ሮንዴላዎቹን ደግሞ አየቻቸው፤ ስስ ናቸው።

ሁለቱን ጥርሶች ሞርዳ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ዘንጉ ቁጭ አለ። ዳዶውን አጥብቃ አሰረችበት። ማን ያየዋል?

ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ማንም አላየውም። ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳገቱ አየው።

ብስክሌቱን እየገፋች ዳገቱን ጨረሰች፣ ዞራ ወረደች። አጎቷ ጋራዡ በር ላይ ወገቡን ይዞ ቆሟል። አጎቷ የሌላ ሰው ሥራ ፈትቶ አያይም። እዚያ ቤት ጎማ የሠራ ሰው ዳገቱን ራሱ ወጥቶበት ይመለስና «ወጣሁት» ይላል። በዚያ ያበቃል፤ ብስክሌቱ ለባለቤቱ ይሰጣል።

«ወጣሽው?» አላት።

«ወጣሁት።»

ወጥታለች። በእግሯ ይሁን እንጂ ወጥታለች።

«በሦስቱም ማርሽ?»

«ጋሼ ደግሞ! ችክ አትበል። በሦስቱም።»

አጎቷ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ዘረጋላት። ጋራዡ ውስጥ ሲጨባበጡ ያየችው ትልልቅ ሰዎችን ብቻ ነበር። ጨበጣትና መዳፏን ገልብጦ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባለጋሪ ነው። ገጨኝ።»

«ዓይኑ ይጥፋና!» አለ አጎቷ፣ ለምንም ላልበደለው ሰውዬ። «በይ ሂጂ፣ ለእናትሽ ውሰጂላት። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠይቀኝ ነው የዋለችው።»

ደረጃው ሥር ቆማ ዘንጉን ወደ ቦታው መለሰች፣ የማርሹን ገመድ ወጠረች፣ ዳዶዎቹንም እጇ እስኪነጭ ድረስ አጠበቀቻቸው። እንዲህ ከጠበቀ ይይዝ ይሆናል። እናቷ ደግሞ ቀላል ናት፣ ዳገት ላይ ቆማ አትረግጥም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ታስተካክለዋለች። ነገ ግን ሰኞ ነው፤ ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ ለእናቷ ከሆስፒታሉ የተሰጣት ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተለጥፏል። ሦስተኛ ደብዳቤ የለም። ሦስተኛ ጊዜ የዘገየ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ቤት ስትገባ እናቷ ከአያቷ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። አንድ እጇ አሁንም ከአዛውንቱ ጀርባ ሥር ነው።

«እሽሽ!» አሉ አያቷ። ግራ ጎናቸው ከታመመ ዓመት አልፎታል፤ አፋቸው ግን ጤነኛ ነው። «እንዳትቀሰቅሻት። ልታገላብጠኝ ጀምራ መሃል ላይ ሄደች። ሃያ ደቂቃ ሆነኝ፣ ግማሽ እንደተገለበጠ መጽሐፍ።»

ልጅቷ ወደ አልጋው አልተጠጋችም። የቅባትና የመድኃኒት ሽታ አለው፤ እሷ ከዚያ ሽታ ወዲህ፣ በሩ አጠገብ መቆም ለምዳለች። ማታ ማታ አጎቷ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት እናቷ ናት። አጥባ፣ አገላብጣ፣ እንዳይቆስል ጀርባቸውን በቅባት አሽታ፣ ክኒን አስውጣ፣ በማንኪያ አብልታ እስክትጨርስ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ ነው ሰልፉ ውስጥ የምትገባው፤ ያኔ ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ መጥቷል።

እናቷ ነቃች። «መጣ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ።

«ታች ነው።»

ከሕንፃው ጀርባ መኪና የሚቆምበት ሜዳ እሑድ ባዶ ነው። እናቷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበት። ብስክሌት ከነዳች ሃያ ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ መሪው ተንቀጠቀጠባት፣ ከዚያ ተረጋጋ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ፊቷ ላይ ያለው ድካም አልሄደም፤ ብቻ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረበት።

«ኮርቻው እንደ ሥራ አስኪያጅ ወንበር ነው» አለች ስታልፍ። «ተቀምጬበት ባላውቅም።»

«ማርሹን ቀይሪው እስኪ።»

ቀየረችው። ቅጭ! አለ፣ ንጹሕ ድምፅ። «ወይ ጉድ! ነገ ከአንድ ሰዓት በፊት በሩ ላይ ቆሜ ያቺን ተቆጣጣሪ ‹ምነው አረፈድሽ?› ነው የምላት።»

ልጅቷ ዓይኗ የኋላው ዳዶ ላይ እንዳለ ሳቀች።

«ዳገቱን ልየው» አለች እናቷ፣ መሪውን ወደ በሩ አዙራ።

«ነገ ታዪው የለ?»

«ነገማ በጨለማ ነው የምወጣው። ዛሬ ልልመደው።»

«እሺ፣ ግን… ሦስተኛውን ማርሽ አትንኪ። ቆመሽም አትርገጪ። ጠንከር አድርገሽ እንዳትገፊው።»

«ታዲያ ዳገቱን ምን አድርጌ ልውጣው? ልለምነው?»

እናቷ ከበሩ ወጣች። ዳገቱ እዚያው ይጀምራል፤ አንድ ሚኒባስ እየተንኳተተ ቁልቁል ሲመጣ ነበር፣ ከኋላው ሌላ። እናቷ ከኮርቻው ትንሽ ተነሥታ የመጀመሪያዋን ጠንካራ ርግጫ ልትረግጥ ስትዘጋጅ፣ ልጅቷ ሮጣ ኮርቻውን ከኋላ ያዘች።

«ውረጂ!»

«ምን?»

«እማ፣ ውረጂ አልኩሽ!»

እናቷ ወረደች። ሚኒባሶቹ አለፉ። ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት። ጥርሱን፣ ሞረዱን፣ መውደቋን፣ «ወጣሁት» ማለቷን። ሲነገር አጭር ነበር፤ አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። እናቷ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼሽ አያውቅም?»

«አያውቅም። ዋሸሁት።»

«እኔንስ መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

እናቷ አልጮኸችም። ለመጮህ የሚሆን ጉልበት ብታገኝ ለሌላ ነገር ታውለው ነበር። ጫማዋን አውልቃ ጠጠር አራገፈችና መልሳ አጠለቀችው።

«በስንት ቀን ይስተካከላል?»

«ነገ ማታ ይደርሳል» ልትል አፏን ከፈተች። «አላውቅም» አለች።

ጋራዡ ውስጥ አጎቷ ነገሩን ከእሷው ሰምቶ ጎማውን ራሱ ፈታው። ሁለቱን ሮንዴላዎች መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃኑ ተጠጋና ጠርዛቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እንዴት አምሮ ለስልሷል» አለ። «ስንጥቁን እንዲህ ብትሞርጂው ኖሮ አሁን እናትሽ እየነዳች ነበር።»

«እኔ ልሥራቸው፣ ጋሼ። አዲስ ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ።»

«አንቺ ነሽ እንጂ ማን ሊሠራቸው ነው?» ሮንዴላዎቹን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። «ሁለት ማታ፣ ምናልባት ሦስት። እሱ አያስቸግረኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከእንግዲህ ‹ወጣሁት› ስትይኝ ሄጄ ማየት ሊኖርብኝ ነው። ለዚያ ደግሞ ወገብ የለኝም።»

ብትሰደብ ይሻላት ነበር። ሲሰድቧት መመለስ ትችላለች።

ሲመሽ እናቷ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። «ነገ አሥር ተኩል ላይ እነሣለሁ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለካውያው። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ አንዱን እግሯን ከመሬት አንሥታ በሌላው ቆማለች። ልጅቷ እነዚያን እግሮች አየች፣ ከዚያ አስባ ቆጠረች። ሦስት ሳምንት፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ አራት። ጎረቤቱ ሁሉ «ለእናቷ ብስክሌት የምትሠራዋ» ይላታል። በዚያ ሁሉ ሳምንት አንድም ጠዋት ከአሥራ ሁለት ተኩል በፊት አልነቃችም። ፈተና አለብኝ ብላለች፣ አንዳንዴም ነበራት። ማንም ተነሺ አላላትም፤ እሷም ማንም እንደማይላት ታውቅ ነበር።

አጎቷ ሊያገላብጥ ገባና እጁን ታጥቦ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት እሷ ደብተሯን ይዛ ወደ ኩሽና ትሄዳለች። ዛሬ በሩን አልፋ ገባች። ሽታው እንደፈራችው ነው፣ አልቀነሰም።

«ጋሼ፣ አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«ማገላበጡን። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ።»

አያቷ ግንባራቸውን አኮሳተሩ። «ማን ናት ያቺ? ችኩሌ? ከአልጋ ልትጥለኝ ነው!» አሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቀልዱ ሙሉ አልነበረም። «መታጠቡንም? አይሆንም።»

«ማጠቡን እኔ ማታ ላድርገው» አለ አጎቷ። ልጅቷንም ወደ አልጋው አስጠጋት። «እጅሽን ትከሻቸው ሥር አድርጊ። አይ፣ ከዚያ በታች። አትሳቢ፣ ተሸከሚ።»

ከባድ ነበሩ። እንዲህ የከሳ ሰው እንዲህ ይከብዳል ብላ አልጠበቀችም። በመጀመሪያው ሙከራ አያቷ «ኧረ በሕግ!» አሉ፣ በሁለተኛው ዝም አሉ፣ በሦስተኛው በጎናቸው ተኙ። ጀርባቸው ላይ ያለውን ቀይ ቦታ አየችው፣ ፊቷንም አላዞረችም።

የካውያው ድምፅ ቆሟል። እናቷ በሩ ላይ ነበረች፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አልታወቀም።

«አሥራ አንድ ላይ ተነሥቼ እኔ አደርገዋለሁ» አለቻት ልጅቷ። «አርባ ደቂቃ ቀድመሽ ትወጫለሽ። ክኒኑ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

እናቷ ግንባሯን በክንዷ ጀርባ ጠረገች።

«ነጯ በፊት ናት» አለች። «ቢጫዋ በኋላ። ቢጫዋን በውኃ ብቻ።»

ልጅቷ ከደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈችው።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ብዙ አለ» አለች እናቷ። «ወንበር ሳቢ።»

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠች።